የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ተሰብስበን ለምን በአማርኛ እናወራለን? (ድሬና ሐረር ያላችሁ ብቅ በሉ)

የከዚራዋ ቲቸር፦

ሰላም ናችሁ? ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ድሬዳዋ ውስጥ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። 9ኛና 10ኛ፣ እንግሊዝኛ። አምስት ሴክሽን አለኝ፣ ትንሹ ሴክሽን 61 ተማሪ ነው። አምና መስከረም ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ከምታስተምር ጓደኛዬ ጋር አንድ ነገር እንጀምር ተባባልን። የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች የምንገናኝበት ስብስብ። አለቃ የሌለበት፣ ሪፖርት የማይጻፍበት፣ ዝም ብለን ስለ ስራችን የምናወራበት። ሰው ስንጠይቅ ሁሉም ደስ አለው። "ኧረ ይሄማ ድሮ ነበር መደረግ የነበረበት" ያላለን የለም።

የመጀመሪያው ቀን 14 ሰው መጣ። ሁለት ሰአት ተኩል ተቀመጥን። ምን ሰራን? ሊቀመንበር መረጥን። ጸሐፊ መረጥን። ሰባራ ሳንቲም ሳይኖረን ገንዘብ ያዥ መረጥን። መተዳደሪያ ደንብ የሚያረቅ ኮሚቴ አቋቋምን። ከዛ ሻይ ጠጥተን ተበተንን። ስለ ማስተማር አንድ ቃል አልተነሳም፣ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

በሁለተኛው ቀን 9 ሆንን። አንድ ገና ስራ የጀመረ ልጅ እጁን አውጥቶ "ለምን በእንግሊዝኛ አናወራም? ሌላ ቦታ እኮ የምናወራበት ዕድል የለንም" አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዷ ሳቀች። ሊቀመንበራችን "ኦኬ፣ ሌት አስ ስታርት" ብሎ ጀመረና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ወደ አማርኛው ተመለሰ። እኔስ ብትሉ? አልዋሽም። 61 ልጅ ፊት ቆሜ በእንግሊዝኛ ስለፈልፍ የምውል ሰው፣ ስምንት የሙያ ጓደኞቼ ፊት ምላሴ ተሳሰረ። "ይቺ ፕሪፖዚሽን ልክ ናት?" እያልኩ በሆዴ ሳጣራ ልናገር የነበረው ነገር ራሱ ጠፋኝ።

ሦስተኛው ቀን 4 ሰው። አራተኛ ቀን የለም።

የተረፈን የቴሌግራም ግሩፑ ነው። እዛ ላይ የበዓል ካርድ፣ የሞዴል ፈተና ፒዲኤፍ፣ ከስሩ ደግሞ "መልሱ ያላችሁ ላኩልኝ" ይለጠፋል። ላኪውም አስተማሪ ነው እንግዲህ።

ዘንድሮ እንደገና መሞከር እፈልጋለሁ። እንዲህ አይነት ነገር ጀምራችሁ የዘለቀላችሁ ካላችሁ በምን ዘለቀ? ደግሞስ ይሄን በእንግሊዝኛ የማውራት ፍርሃታችንን ምን እናድርገው? "ልምምድ ነው" የሚል መልስ አልፈልግም፣ እሱን ለተማሪዎቼ እኔው ነኝ የምነግራቸው።


ጀጎል 11ኛ ክፍል፦

እህቴ፣ ያንቺ ስብስብ የሞተው በመጀመሪያው ቀን ነው። ገንዘብ ያዥ ስትመርጡ። 😀

እኔ ሐረር ነኝ፣ 11ኛ ክፍል አስተምራለሁ። እኛ ጋ የዘለቀ ነገር አለ፣ ግን ስብስብ ብለን አልጠራነውም። አራት ሰዎች ነን። የጀመርነው ከአንድ ወረቀት ነው። አንድ ቀን ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ አንዷ አስተማሪ ጠረጴዛዬ ላይ የተማሪ ድርሰት ይዛ ለብቻዋ ትስቃለች። ምንድነው ስላት አሳየችኝ። ልጁ ከትምህርት ቤት ለምን እንደቀረ ሲያስረዳ "ኮልድ ካችድ ሚ" ብሎ ጽፏል። እሷ በቀይ ሰርዛ "አይ ኮት ኤ ኮልድ" ብላ ከላይ አርማዋለች። እኔም ሳቅኩ። ከዛ ግን ቆም ብዬ ሳስበው ልጁ ምን አጠፋ? "ጉንፋን ያዘኝ" ነው ያለው። በአማርኛ ያዡ ጉንፋኑ ነው፣ ተያዡ ሰውዬው። በነጋታው ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆችን ጠየቅኩ፣ እነሱም ጋ በሽታው ነው ሰውን የሚይዘው። ሶማልኛም "ሀርገብ ባ ኢ ሀያ" ነው የሚለው፣ ጉንፋን ይዞኛል። እንግዲህ በሦስት ቋንቋ ጉንፋን ሰውን ሲያሳድድ ኖሮ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ሰውየው ዞሮ ጉንፋኑን ይይዘዋል። ይሄን ለክፍሉ ስነግራቸው ሳቁ፣ ግን ከዛ ወዲህ የተሳሳተ የለም ማለት ይቻላል። በቀይ ስናርመው ግን ስንት አመት ሲደጋገም ነበር።

ከዛ በኋላ ልማድ ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እያንዳንዳችን የአንድ ተማሪ ወረቀት ይዘን እንመጣለን። ስሙን እንቆርጠዋለን። "ለምን እንዲህ ጻፈ?" ነው ጥያቄው፣ ሌላ አጀንዳ የለም። "ሂ ሴድ ሚ" የሚለው "አለኝ" ከሚለው መጣ። "ኦልዞ" ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ "በት" የሚጨምረው "ምንም እንኳ ቢሆንም ግን" ከሚለው መጣ። አንዳንዱን ከየት እንደመጣ አናገኘውም፣ እሱም ደስ ይላል።

ስለ ፍርሃቱ የማውቀው ይሄን ነው፦ ወረቀት መሃል ላይ ሲቀመጥ ሁሉም ሰው ወረቀቱን ነው የሚያየው። አንቺን የሚያይሽ የለም። እኛ እንግሊዝኛ እናውራ ብለን አላወጅንም፣ ዓረፍተ ነገሩን ለማስተካከል ስንከራከር ሳናውቀው በእንግሊዝኛ ስንከራከር ራሳችንን አገኘነው።


ሳቢያን ነኝ፦

አቦ ተዉና! ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን እስቲ እውነቱን እናውራ። አስተማሪ ከሰአት በኋላ አስጠኚ ነው። ቤት ለቤት እየዞረ ኬጂ ልጅ ኤ ቢ ሲ ያስቆጥራል፣ ምክንያቱም ደሞዙ ወሩን አያደርሰውም። አበል የሌለበት ስብሰባ ማን ይመጣል? ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያው) በአመት 60 ሰአት ነው የሚባለው፣ ያንን እንኳ ስንቶቻችን ነን ሰኔ ላይ በአንድ ሌሊት ፖርትፎሊዮ የምንሞላው።

ሌላው ደግሞ ፈተናው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ ሁሉም ሰው አስተማሪ ላይ ነው የወረደው። 12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ምርጫ ነው። አይናገርበትም፣ አይጻፍበትም። ተማሪዬን ድርሰት ጽፈህ አምጣ ስለው "ቲቸር ይሄ ማትሪክ ላይ ይመጣል?" ነው የሚለኝ። ምን ልበለው? እናንተ ጉንፋን ማን ያዘ እያላችሁ ስትከራከሩ እኔ ኮንዲሽናል ታይፕ ስሪ የሚሉትን የ"ኢፍ" ሰዋስው አስመርጣለሁ።


ጀጎል 11ኛ ክፍል፦

ሳቢያን ወንድሜ፣ ደሞዙን በተመለከተ አንድ ቃል አልከራከርህም። እኔም ሁለት ቤት አስጠናለሁ።

ፈተናው ላይ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጁ ምርጫ የሚሳሳተው ለምን ይመስልሃል? እኔ እንዳየሁት ብዙው ጊዜ ምንባቡን ስለማያነበው ነው። ማንበብ ያቅተዋል። ሰዋስውን በቃሉ ያውቀዋል፣ ግን አንድ ገጽ ጽሑፍ ሲሰጠው ሦስተኛው መስመር ላይ ይጠፋል። ይሄ ደግሞ በእንግሊዝኛ ብቻ አያበቃም። 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። ታይፕ ስሪ የባዮሎጂ መጽሐፍ አያስነብበውም።


የከዚራዋ ቲቸር፦

ሳቢያን ያለው ልክ ነው፣ ጀጎል ያለውም ልክ ነው፣ እንግዲህ እኔ ምን ልበል። 😅

የወረቀቱን ነገር ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ 300 ደብተር ያለው ሰው የትኛውን ወረቀት ነው የሚያመጣው? እኔ እኮ አርሜ አላውቅም ብል ይሻላል። ራይት ብዬ ፈርሜ ነው የምመልሰው። ተናዘዝኩ ይኸው።

ደግሞ ሊትሬቸሩስ? እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የምወደው ግጥምና ልቦለድ ነበር። አሁን ግን ልቦለድ ካነበብኩ ስንት ጊዜዬ። መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ምንባብ ስለ ቱሪዝም፣ ስለ ጤና፣ ስለ ትራፊክ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ልጆቹ አይናደዱበትም፣ አይስቁበትም።


ጀጎል 11ኛ ክፍል፦

ደብተሩን በተመለከተ ሁሉንም አታርሚ። ከአንድ ሴክሽን አስር ወረቀት ውሰጂ። ከላይ ሦስት፣ ከመሃል አራት፣ ከታች ሦስት። አስሩን አንብበሽ የሚደጋገመውን ስህተት ጻፊና በማግስቱ ለሁሉም ቦርድ ላይ አስተምሪው። አንድ ሰአት አይፈጅም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አስር። 61ዱም በተራቸው ይደርሳቸዋል።

"አይናደዱበትም" ያልሽው ግን ልብ ላይ ደረሰ። አንድ ጊዜ ያደረግኩትን ልንገርሽ።

እዚህ ሐረር ቱሪስቱ ሁሉ የሚሄደው ራምቦ ቤት ነው። ራምቦ ግን ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው፣ ግጥሙንም ጨርሶ ጥሎ ነው ለንግድ የመጣው፣ ለኔ ክፍል አይሆነኝም። ከሱ በፊት የመጣ አንድ እንግሊዛዊ አለ፣ ሪቻርድ በርተን። በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ አስር ቀን ቆይቶ ወጣ፣ በማግስቱ አመት ስለ ጉዞው መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ከመቶ አመት በላይ ያለፈው ስለሆነ መብት የሚጠይቅበት የለም፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ስለ ከተማችን የጻፈው ደስ አይልም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ቆሻሻ ተከምሯል፣ ክምሩ ላይ ውሾች ተኝተዋል ይላል። አንዷን አንቀጽ ቆርጬ፣ ከባድ ቃላቶቹን ከስር ተርጉሜ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጠኋቸው።

ክፍሉ ተቀጣጠለ ማለት አይገልጸውም። አንዲት ልጅ፣ አመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት፣ ጀጎል ውስጥ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ተነስታ "ቲቸር፣ ሂ ስቴይድ ኦንሊ ቴን ዴይስ!" አለች። አስር ቀን ቆይቶ ምን ያውቃል ነው። መልስ ጻፉለት አልኳቸው። ከአንድ ገጽ በታች የጻፈ የለም። ስለ ግቢያቸው፣ ስለ አምስቱ በር፣ ስለ አያታቸው ሰፌድ፣ ማታ ጅብ ስለሚያበሉት ሰዎች። ስህተቱ ብዙ ነው፣ ስህተቱን አላየሁትም። አንዱ ደግሞ "ውሾቹ አሁንም አሉ፣ እሱ ልክ ነው" ብሎ ጻፈና ጓደኞቹ ሊበሉት ደረሱ።

ለድሬ ልጆችም ይሰራል ብዬ አስባለሁ። በርተን በመጣ ጊዜ የዛሬዋ ድሬዳዋ አልነበረችም፣ ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት። ለእናንተ ስለ ለገሃር የተጻፈ ነገር ፈልጉ።


የመጋላዋ (1ኛ ደረጃ)፦

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ ስብስብ እኛንም ይጨምራል ወይስ ለሃይስኩል ብቻ ነው? ልጆቹን እናንተ የምትረከቡት ከእኛ እጅ እኮ ነው። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ነው የሚጀምረው። ሃይስኩል አስተማሪ ሲያገኘን "ምን አስተምራችሁ ነው የላካችኋቸው" ይለናል። መጥቶ ያየ ግን የለም።

እስቲ አንድ ቀን እኔ ክፍል ግቡ። 3ኛ ክፍል ነኝ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ የሚያወሩ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ግቢ ውስጥ ሦስቱንም እየቀላቀሉ ነው የሚጫወቱት። ሶማልኛ "ፕ" የሚል ድምጽ የለውም፣ ስለዚህ ልጁ "ፔን" ለማለት "ቤን" ይላል። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ይስቅበታል። እሱ ራሱ ግን ምላሱን በጥርሱ መሃል ማውጣት ስላለመደ "ዚስ ኢዝ ማይ ፔን" ነው የሚለው፣ በሱ ላይ የሚስቅ የለም። ለምን? ምክንያቱም እኔም "ዚስ" ነው የምለው። ይሄን ያወቅኩት ራሴን በስልክ ቀድቼ ሳዳምጥ ነው። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ወረቀት ነው የምጠቀመው። ቀጭን ቁራጭ ወረቀት ከአፋቸው ፊት ይይዛሉ። "ፔን" ሲሉ ወረቀቱ ይንቀሳቀሳል፣ "ቤን" ሲሉ ቀጥ ይላል። ልጆቹ ጨዋታ ነው የመሰላቸው። የ"ዚስ"ን ደግሞ ሁላችንም አብረን ምላሳችንን አውጥተን ነው የምንለማመደው፣ ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሞ አይቶን ምን እንዳሰበ አላህ ይወቀው።

ከፈለጋችሁ እመጣለሁ። ካልፈለጋችሁም ግዴለም።


የከዚራዋ ቲቸር፦

የመጋላዋ፣ አንቺ ካልመጣሽ እኔም አልሄድም።


ጡረተኛው (ሐረር)፦

ልጆች፣ ከጥቂት ቀናት በፊት ነው ይሄን ያየሁት። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፣ ግን ጉዳዩ ሆዴን በላኝና ልጽፍ ተነሳሁ።

እኔ በ60ዎቹ መጀመሪያ ሐረር ተማሪ ነበርኩ። ያኔ የሰላም ጓድ የሚባሉ አሜሪካኖች ያስተምሩ ነበር፣ ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። እኛን አንዲት ወጣት ሴት ነበረች እንግሊዝኛ የምታስተምረን። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ስለ አንድ ቃል ጠየቃት። ቋንቋው የእናቷ ቋንቋ ነው እንግዲህ። ትንሽ አሰበችና "አይ ዶንት ኖው" አለች። ቃሏን ቦርዱ ጥግ ላይ ጻፈች፣ ዙሪያዋን ሳጥን ሰራችላትና ማንም እንዳያጠፋት አለች። በማግስቱ መልሱን ይዛ መጣች። አላውቅም የሚል አስተማሪ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የኛዎቹ እንኳን አላውቅም ሊሉ፣ ጥያቄ የጠየቀውን ያስነሱት ነበር።

እኔ ራሴ አስተማሪ ሆኜ ግን ያቺን ልጅ አልመሰልኩም። ስንት አመት ስዋሽ ኖርኩ። የማላውቀውን ሲጠይቁኝ "እሱን 12ኛ ክፍል ትማሩታላችሁ" እላለሁ። 12ኛ ክፍል ሳስተምር ደግሞ "ዩኒቨርሲቲ"።

በኋላ ፕላዝማው መጣ። ታስታውሱ ይሆናል፣ 1997 አካባቢ። ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ በሳተላይት ትምህርት ይጀምራል፣ አቅራቢዋ እንደ ዝናብ ታወርደዋለች። ቁም አይሏት፣ ድገሚ አይሏት። ፔሬዱን አብዛኛውን እሷ ትወስደዋለች፣ ለአስተማሪው መግቢያና መውጪያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። 70 ልጅ ዞሮ እኔን ያያል፣ ምን አለች ነው። እኔም አልሰማኋትም! ቀስ ብዬ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፣ የገባኝ መስዬ። አንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ። አርብ ቀን ስታፍ ሩም ውስጥ አንዱ የሂሳብ አስተማሪ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ጎበዝ፣ እኔ ሴትየዋ የምትለውን አንድ ቃል አልሰማም" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ሁላችንም ነን። ከዛ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ ቀደም ብለን እየገባን መምሪያውን አብረን ማንበብ ጀመርን፣ ዛሬ ምን ልትል ነው እያልን። ሊቀመንበር አልነበረንም። ለሁለት አመት አንድም ቀን አልቀረንም።

እና እህቴ፣ ጥያቄሽን በኔ ቋንቋ ልመልሰው። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ሰው "እኔ ይሄን አልችልም" ካለ ስብስቡ ይኖራል። የጠራሽው አንቺ ስለሆንሽ ያ ሰው አንቺ ብትሆኚ ጥሩ ነው። ደብተር አላርምም ብለሽ እዚህ የጻፍሽውን እዛ ድገሚው።

ለምላስ መፍቻ ደግሞ ተውኔት አብራችሁ አንብቡ። ድምጽ አውጥታችሁ፣ ሚና ተከፋፍላችሁ። ቃሉ የሌላ ሰው ስለሆነ ስህተቱም የሌላ ሰው ይመስላል፣ ስለዚህ ማንም አያፍርም። ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን ወደ አማርኛ እንደመለሰው ታውቃላችሁ። አንዱ የሼክስፒሩን መስመር በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ሌላው የፀጋዬን። ከዛ ክርክር ነው። ፀጋዬ ለምን ይቺን ቃል መረጠ? እዚህ ጋ ለምን አስረዘመ? እኔ በዚህ ክርክር የተማርኩትን እንግሊዝኛ በሰዋስው መጽሐፍ አልተማርኩትም። አማርኛዬም ያኔ ነው የጠለቀው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በእንግሊዝኛ ልቦለድ የጻፉ የራሳችን ሰዎች አሉ። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም አለ። ዳኛቸው ወርቁም በእንግሊዝኛ የጻፈው ልቦለድ በ1973 እ.ኤ.አ. ለንደን ታትሟል፣ በአፍሪካ ደራሲያን ተከታታይ ውስጥ። ወጣት አስተማሪዎችን ስጠይቅ ዳኛቸውን በአማርኛው ብቻ ነው የሚያውቁት።


ሳቢያን ነኝ፦

ጋሼ "እሱን 12ኛ ክፍል ትማሩታላችሁ" ያሉት ገደለኝ። ትናንት ነው ያልኩት። 😂

እሺ፣ እመጣለሁ። ግን የት ነው? ሐረር ከሆነ ደንገጎን ወጥቼ ነው፣ ድሬ ከሆነ ሐረሮች "ሙቀቱ ገደለን" ሊሉ ነው። መሃል ሐሮማያ ይሁን እንዳይባል ደግሞ ሁለታችንም ተንከራታች ልንሆን ነው። እና እባካችሁ ቅዳሜ ከሰአት አታድርጉት። ቅዳሜ ከሰአት በርጫ (የጫት ሰአት) ነው፣ ሰው አይመጣም፣ ቢመጣም ልቡ አይመጣም።


የከዚራዋ ቲቸር፦

ቅዳሜ ጠዋት 2:30። አንዴ ድሬ፣ አንዴ ሐረር። መጀመሪያ ድሬ፣ ከዚራ፣ ፈጢራ የሚሸጥበት ቤት በረንዳ ላይ። ፈጢራውን ሁሉም ለራሱ ይከፍላል፣ ገንዘብ ያዥ የለም። ሁላችሁም አንድ አንድ የተማሪ ወረቀት፣ ስሙ የተቆረጠ።


የከዚራዋ ቲቸር (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሰባት ሰው መጣ። ከሐረር ጀጎልና አንዲት ጓደኛው፣ የመጋላዋ፣ ሳቢያን (ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ፣ ግን መጣ)፣ አምና "በእንግሊዝኛ እናውራ" ብሎ ያፈረው ልጅ፣ ጓደኛዬ፣ እኔ። ጋሼ እንዳሉኝ አፌን ከፍቼ "አምስት አመት ሙሉ ሳላነብ ነው ራይት የፈረምኩት" አልኩ። ለሰከንድ ያህል ዝም አሉ። ከዛ ሳቢያን "አምስት ብቻ?" አለ።

ሁለት ነገር ተስማማን። የመጀመሪያዋ ሃያ ደቂቃ በእንግሊዝኛ፣ ማንም ማንንም ሳያርም። የተሰማ ስህተት ካለ እያንዳንዱ በቁራጭ ወረቀት ይጽፍና መሃል ላይ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ይከተዋል፣ ማን አለው የሚለው አይጻፍም። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ብርጭቆውን ገለበጥነው። አምስት ወረቀት ላይ "ዲስከስ አባውት" የሚል ተጽፏል ("ዲስከስ" እኮ "አባውት" አይፈልግም)። ችግሩ፣ ከጻፉት አምስት ሰዎች ሦስቱ ራሳቸው ሲሉት ሰምቻለሁ። አንዷ እኔ ነኝ።

ከዛ ወረቀቶቹን ዘረጋን። ከሰባቱ ሁለቱ ላይ ጉንፋኑ ሰው ይዟል፣ ጀጎል ደስታውን አልቻለውም። የመጋላዋ የ3ኛ ክፍል ደብተር ይዛ መጥታ ነበር። አንዱ ልጅ ቃሉን ሁሉ በሚሰማው ድምጽ ነው የሚጽፈው፣ "ናይፍ" የሚለውን በኤን ይጀምረዋል፣ መጀመሪያ ላይ ያለችውን የማትነበብ ኬ አያውቃትም። ስለሷ ብቻ ግማሽ ሰአት አወራን። የሃይስኩሎቹ እኛ ጋ ያለው ችግር ከየት እንደሚጀምር ያን ቀን ነው ያየነው። የመጋላዋን "ምን አስተምራችሁ ላካችኋቸው" የሚላት ሰው ከእንግዲህ ቢያንስ ከሰባታችን አይወጣም።

አንድ ነገር ግን ሳንፈታ ተለያየን። የሳቢያን ተማሪ ልጆች መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ጽፎ "ኢን ዘ ስትሪት" ብሏል። ሳቢያን ሰርዞ "ኦን" አድርጎታል። ጀጎል "ኢን" ልክ ነው አለ። ለሁለት ተከፈልን፣ ፈጢራው ቀዘቀዘ፣ አንዳችንም እርግጠኛ አይደለንም። በመጨረሻ የመጋላዋ በናፕኪን ላይ ጻፈችውና ዙሪያውን ሳጥን ሰራችለት።


ጡረተኛው (ሐረር)፦

ሁለቱም ልክ ነው። እንግሊዞቹ "ኢን" ይላሉ፣ አሜሪካኖቹ "ኦን"። ሳቢያን ለልጁ ነጥቡን ይመልስለት።

ሐረር ላይ በሚሆነው ቅዳሜ ሐምሌቱን በሁለቱም ቋንቋ ይዤ እመጣለሁ። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፣ ምድር ቤት የሆነ ቦታ ፈልጉ። ማን ነው ሐምሌትን የሚያነበው?


ሳቢያን ነኝ፦

ነጥቡን መልሼለታለሁ ጋሼ። ልጁ ግን "ቲቸር፣ ታዲያ ማትሪክ ላይ የትኛው ይመጣል?" አለኝ።

ሐምሌትን እኔ አነባለሁ። ከድሬ የምንነሳ ሰዎች 12:30 ላይ መናኸሪያ እንገናኝ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ራሱ ግማሽ ሰአት ነው።